ጠያቂዋ ልጅ፦ ሙስሊም ሴት ልጆችና ሳይንስ በሥዕል መጻሕፍት

ሙስሊም ሴት ልጅን ባለታሪክ ያደረጉ የሥዕል መጻሕፍት በእንግሊዝኛው ዓለም ዛሬ ብርቅ አይደሉም። ችግሩ ብዙዎቹ ከልጅቷ ይልቅ ስለ ሂጃቧ መጻፋቸው ነው። የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያዋ ኢብቲሃጅ ሙሐመድ ከኤስ. ኬ. አሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው «ዘ ፕራውደስት ብሉ» ውብ ሥራ ነው፤ ዋና ጉዳዩ ግን የታላቅ እህት የመጀመሪያ ሂጃብ ነው። ወደ ሳይንስ የሚጠጋው የሄና ኻን «ናይት ኦፍ ዘ ሙን» (2008) ይመስለኛል። ያስሚን የተባለች ልጅ በረመዳን ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል እያየች ወሩን ትከታተላለች።

ሌሎች ደራሲዎች ወደ ታሪክ ይሄዳሉ። ኤም. ኦ. ዩክሰል በ859 ፌዝ ላይ አል ቀራዊዪን የተባለውን መስጊድና የትምህርት ቤት መሠረተች ስለምትባለው ፋጢማ አል ፊህሪ በ2022 ጽፋለች። የሐለቧ (አሌፖ) አስትሮላብ፣ ማለትም የከዋክብት መለኪያ መሣሪያ፣ ሠሪ «መርየም»ም በልጆች መጻሕፍት ዘንድ ተወዳጅ ናት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይበጃል። ኢብን አል ነዲም በ10ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው የመጻሕፍት ዝርዝር፣ «ፊህሪስት»፣ ስለ እሷ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው፦ የአል ኢጅሊ ልጅ እንደሆነችና ከሐለቡ ገዢ ከሰይፍ አል ደውላ ዘንድ እንደነበረች። መርየም የሚለው ስም እንኳ እዚያ የለም። ለልጅ ሳይንስ እያስተማሩ ማስረጃ የሌለው ነገር መጨመር አይዋጥልኝም።

በእኛ ዘንድ የልጆች ዝግጅት ለረጅም ዘመን የተረት ቤት ነበር። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ተረት አወሩ፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለቀለም አድርጎ ያሳተመው የቂሉን ማሞ ተረት ነው። «ለምን?» ማለትን ወደ ልጆች ያመጣችው ቀጭኔ ናት፦ የብሩክታዊት ጥጋቡ የቴሌቪዥን ዝግጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»። በኋላ የመጣው የካርቱን ዝግጅት «ጥበብ ገርልስ» ሴት ልጆችን ጀግና አደረገ፤ ጉዳዮቹ ግን ያለዕድሜ ጋብቻና የወር አበባን የመሳሰሉ ናቸው። ተገቢ ነው። ሆኖም ልጅቷ ከችግር ጋር ስትታገል ብቻ ሳይሆን፣ እንዲሁ ለማወቅ ስትጓጓ ማየትም ያምረኛል።

እንዲህ ላለ መጽሐፍ፣ በሰሜን ሸዋ ለምትገኘው ለይፋት ልጅ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ደጅ ላይ ነው። አዲስ ጨረቃ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ ዝቅ ብላ ትታያለች። የይፋቷ ከተማ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከጣርማ በር ተራራ በስተምሥራቅ ቆላው ላይ ናት፤ ስለዚህ ቀጭኗን ጨረቃ ተራራው ሊጋርዳት ይችላል፤ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ግን ያያታል። ዘሃራ እንበላት፣ «እነሱ አይተዋት እኛ ለምን አጣናት?» ብላ ሸኹን የምትጠይቅ ልጅ ጂኦሜትሪ ጀምራለች። የአካባቢው ማሾስ? ሸዋ ሮቢት ቶሎ የበሰለው ማሾ ከፍ ባለችው ደብረ ሲና አክስቷ ቤት ሲጣድ ይቆያል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። ሁለት ድስት፣ አንድ እፍኝ ማሾና ሰዓት ካሉ ለሠዓሊው አሥር ገጽ ይሞላሉ።