ጦርነትን የሚያውጀው ማን ነው?

ዱሮ የጦርነት አዋጅ የሚሰማው በጆሮ ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል። ሰው ሁሉ ከያለበት ይሰበሰባል። አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ የንጉሡን ቃል ይናገራል። ገበሬው ስንቁን ቋጥሮ ይዘምታል። «ለምን? ማንስ ወሰነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችለው ሕግ አልነበረም።

የከፋ ሕዝብ ይህን ከታሪኩ ያውቃል። ከፋ የራሱ መንግሥት ነበረው። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል። «ሚክሬቾ» የሚባሉ አማካሪዎችም ነበሩት። ዳር ድንበሩ በጥልቅ ጉድጓድ ታጥሮ ይጠበቅ ነበር። በ1889 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት ጦር ዘመተበት። ከፋም ለወራት ተከላከለ። በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ፤ ወደ መንበሩም አልተመለሰም። ብዙ ሰው አለቀ፤ አገር ተፈታ። ጦርነቱ የተወሰነው በቤተ መንግሥት ነው። ዕዳውን የከፈለው ግን ገበሬው ነው።

ሕግ በጽሑፍ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጦርነት ማወጅ የንጉሠ ነገሥቱ መብት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የፓርላማው ምክርና ስምምነት እንዲጨመርበት ደነገገ።

ዛሬ የሚሠራው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ አንቀጽ 55 መሠረት፣ መጀመሪያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሕግ ረቂቅ ያዘጋጃል። ቀጥሎ ረቂቁን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ጦርነት የሚያውጀው ይህ የተመረጠ ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው። ታዲያ ጦሩን ያዛል እንጂ አዋጁን ብቻውን አያወጣም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ሌላ ነው። እሱን መጀመሪያ የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ከሦስት ሁለቱ እጅ ካልደገፈው አዋጁ ይሻራል። ከጸደቀም እስከ ስድስት ወር ይቆያል።

ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በኅዳር 1999 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ከሶማሊያ በኩል ለመጣው ስጋት መንግሥት እርምጃ እንዲወስድ ድምፅ ሰጥቶ ፈቀደ። ጦሩም በታኅሣሥ በግልጽ ውጊያ ገባ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ውጊያ ሲጀመር ግን መንግሥት ነገሩን «ሕግ ማስከበር» ብሎ ጠራው። የታወጀውም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ውጊያው ሁለት ዓመት ወሰደ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ስሙ ሌላ ቢሆንም ለእናት ሐዘኑ አንድ ነው። ስለዚህ «ይህ የትኛው አዋጅ ነው? ማን አጸደቀው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይባላል። ዛሬ ነጋሪቱ በወረቀት ላይ ነው። አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል። ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ነጋሪት አይሰማም፤ ወሬ ይዞ ይኖራል። ከቦንጋና ከአካባቢዋ የሚመረጠው እንደራሴ እጁን የሚያወጣው በእኛ ስም ነው። ልጁን ለጦር ሜዳ የሚሸኝ አባት «በእኛ ስም ምን ወሰንክ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ማንበብ የቻለም ላልቻለ ጎረቤቱ ያንብብለት። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

ጥያቄዎች

1. በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጦርነት የሚያውጀው ማን ነው?
2. የጦርነት አዋጅና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በምን ይለያያሉ?
3. እንደራሴያችሁን ብታገኙት ምን ትጠይቁታላችሁ? ተወያዩበት።