የመብራትን ዋጋ የሚዳኝ ማን ነው?

በባቲ ከተማ ሰኞ ሰኞ የሚቆመውን ገበያ ያየ ሰው፣ ዋጋ እንዴት እንደሚወለድ ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም፡፡ ከቈላ ግመሉን እየነዳ የመጣው ሻጭና ከደጋ እህሉን ጭኖ የወረደው ገዥ ፊት ለፊት ይቆማሉ፡፡ ደላላው በመካከላቸው ይመላለሳል፤ አንዱ ዋጋውን ይሰቅላል፣ ሌላው ያወርዳል፤ ያልተስማማው ጥሎ ይሄድና ወደሚቀጥለው ሻጭ ይጠጋል፡፡ ሻጩም ብዙ፣ ገዥውም ብዙ ስለ ሆነ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ፤ የዋጋ ዳኛ አያሻቸውም፡፡

ከባቲ ወደ ከሚሴ ደግሞ እንሻገር፡፡ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፡፡ በዚች ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የመብራት ሂሳቡን ሲመለከት፣ ወይም አንድ የወፍጮ ባለቤት ሞተሩ የበላውን የኤሌክትሪክ ኀይል ዋጋ ሲያሰላ፣ «በዛብኝና ወደ ሌላ ሻጭ እሄዳለሁ» ሊል አይችልም፡፡ ሌላ ሻጭ የለምና፡፡ እንዳይኖርም ያደረገው የማንም ክፋት አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ ነው፡፡ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሁለት ኩባንያ ምሰሶ ቢተከል፣ የሁለት ኩባንያ ሽቦ ቢዘረጋ፣ ድርብ የሆነውን ወጪ መልሶ የሚሸከመው ያው ገዥው ነው፡፡ ስለዚህም በዓለም ሁሉ የኤሌክትሪክን ሽቦ፣ የውሃን ቧንቧና የመሳሰለውን ለአንድ አካባቢ በአንድ አቅራቢ እጅ መተው ይበጃል ተብሎ ተለምዷል፡፡

ነገር ግን ብቻውን የቆመ ሻጭ እንደ ልቡ ዋጋ ሊጠራ ይችላል፡፡ እንግዲህ የገበያውን ሥራ የሚሠራ፣ በሻጭና በገዥ መካከል ተቀምጦ «ይህ ይበቃሃል፤ አንተም ይህን ክፈል» የሚል ዳኛ ሊኖር ግድ ሆነ፡፡ የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ዳኛ ነው፡፡ ዳኛውን ማን ይሾመዋል? ተጠያቂነቱስ ለማን ነው?

በአገራችን የኤሌክትሪክ ብርሃን መጀመሪያ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው፡፡ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ኀይል መስጠት ጀመረ፡፡ በዚያን ዘመን ኀይሉን የሚያመነጨውም፣ የሚሸጠውም፣ ሕዝቡን የሚያስከፍለውም ያው መሥሪያ ቤት ነበር፡፡ በባላገር አነጋገር ነጋዴውና ዳኛው አንድ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል፡፡

ሁለቱን ለመለየት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 86 ሲሆን፣ በዚህ ዐዋጅ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ የተባለ ተቈጣጣሪ ተቋቋመ፡፡ በ2006 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 810 የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ተተካ፤ በዚያው ዓመት ሻጩም በሁለት ተከፈለ፡፡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል የሚያመነጨውንና በታላላቅ መሥመሮች የሚያስተላልፈውን ያዘ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለየቤቱ የሚያከፋፍለውንና ሂሳብ የሚሰበስበውን ተረከበ፡፡ በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1263 የነዳጅና የኢነርጂ ጕዳይ በአንድ ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለለ፡፡ በዚህ ሥርዐት ሻጩ የዋጋ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ተቈጣጣሪው ይመረምራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የመንግሥት ይሆናል፡፡ የተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኀላፊዎች በሹመት የሚቀመጡ እንጂ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጡ አይደሉም፡፡

ይህን የሚሰማ ሰው «በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ የመብራት ዋጋ ዳኛ ደግሞ የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፡፡ አለ፡፡ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሚገኙት 50 ግዛቶች በዐሥር ያህሉ፣ የኤሌክትሪክን፣ የጋዝንና የመሳሰለውን ዋጋ የሚዳኘው ኮሚሲዮን አባላት ልክ እንደ ምክር ቤት አባል በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ፡፡ ከነዚህ አንዱ በደቡብ የምትገኘው የሉዊዚያና ግዛት ናት፡፡ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ ታሪኮች ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው፡፡

ከዚህ ኮሚሲዮን ወንበር ተነሥተው ስማቸው ከተጠራ ሰዎች ሁለቱን እናነጻጽር፡፡

የመጀመሪያው ሂዩ ሎንግ ይባላል፡፡ በ1893 ተወልዶ፣ በወጣትነቱ እየዞረ ሸቀጥ የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ፡፡ በኋላም ጥቂት ጊዜ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፡፡ በ1918 ዓ.ም.፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ የምድር ባቡር ኮሚሲዮን ይባል ለነበረው ባለ ሦስት አባል ጉባኤ ተወዳድሮ አሸነፈ፡፡ ይህ ጉባኤ በ1921 ዓ.ም. በወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሲዮን ተብሎ ተሰየመ፤ ሎንግም ሊቀ መንበሩ ሆነ፡፡ በዚህ ወንበር ላይ ሳለ ታላላቅ የነዳጅ ኩባንያዎችን ተሟገተ፡፡ አንድ የቴሌፎን ኩባንያ ያደረገውን የዋጋ ጭማሪም ተቃውሞ ነገሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ በዚህም ምክንያት ወደ 80,000 ለሚጠጉ ደንበኞች 440,000 ዶላር ያህል ተመላሽ ሆነ፡፡ ገንዘቡ በየቤቱ ሲገባ የሎንግም ስም አብሮ ገባ፡፡

ከዚያ በኋላ በ1928 ዓ.ም. የግዛቲቱ አገረ ገዥ ሆነ፤ መንገድና ድልድይ አሠራ፤ ለተማሪዎች መጽሐፍ በነጻ አደለ፡፡ ይሁን እንጂ ሥልጣንን ሁሉ ወደ አንድ እጅ፣ ወደ ራሱ እጅ እየሰበሰበ ሄደ፡፡ በ1929 ዓ.ም. በግዛቲቱ ምክር ቤት ተከሶ ከወንበሩ ሳይወርድ ለጥቂት ተረፈ፡፡ በ1932 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ ዋሽንግተን ገባ፤ በመስከረም 1935 ዓ.ም. በግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ በጥይት ተመቶ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ፡፡ ወዳጆቹ የድኻ አባት ይሉታል፤ ጠላቶቹ ደግሞ አምባገነን፡፡ ምናልባት ሁለቱም ያዩትን ተናግረዋል፡፡

ሁለተኛዋ ካትሊን ብላንኮ ናቸው፡፡ በ1942 ተወልደው፣ አስተማሪ ሆነው ሠሩ፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የግዛቲቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኑ፡፡ በምክር ቤት ጥቂት ዓመታት ከቈዩ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ሎንግ ተቀምጦበት ለነበረው ለዚያው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሲዮን ተወዳድረው ተመረጡ፡፡ በኮሚሲዮኑ የተቀመጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሳቸው ናቸው፡፡ የአባላቱም ቍጥር በዚያን ጊዜ አምስት ደርሶ ነበር፤ የአንዱ አባል የአገልግሎት ዘመን ስድስት ዓመት ነው፡፡ የወይዘሮ ብላንኮ አረማመድ እንደ ሎንግ በነጐድጓድ አልነበረም፤ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡት እንጂ፡፡ በ1996 ዓ.ም. ምክትል አገረ ገዥ፣ በ2004 ዓ.ም. የሉዊዚያና የመጀመሪያዪቱ ሴት አገረ ገዥ ሆኑ፡፡ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ማዕበል ግዛቲቱን ሲመታ፣ ከተማው በውሃ ሲዋጥና የኤሌክትሪክ መሥመሩ ሲበጣጠስ በአገረ ገዥነት ላይ የነበሩት እርሳቸው ናቸው፡፡ በአደጋው ጊዜ ስለ ተሠራውና ስላልተሠራው ብዙ ተወቀሱ፤ ለሁለተኛ ጊዜም ሳይወዳደሩ በ2008 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን አስረክበው ወጡ፡፡ በ2019 ዓ.ም. አረፉ፡፡

ከነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የመብራትና የቴሌፎን ዋጋ ዳኝነት ትንሽ ወንበር ቢመስልም በየቤቱ የሚገባ ሥልጣን መሆኑን እንረዳለን፡፡ ስለ ውጭ ፖለቲካ ግድ የሌለው ሰው እንኳ የወር ሂሳቡን ይቈጥራል፡፡ ስለዚህ ይህ ወንበር በምርጫ የሚያዝ ሲሆን፣ ለያዘው ሰው ወደ ላይ መውጫ መሰላል ሊሆነው ይችላል፡፡

ሁለተኛ፣ ምርጫ መልካም ፍሬም ክፉ ፍሬም አለው፡፡ የተመረጠ ዳኛ የከፋዩን ጩኸት ሳይወድ በግዱ ይሰማል፡፡ ነገር ግን የዛሬን ጭብጨባ ፈልጎ ዋጋውን ከሚገባው በታች ቢያወርደው፣ ምሰሶው ሲበሰብስና ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል የሚጠገንበት ገንዘብ ይጠፋል፡፡ ከዚህም ሌላ፣ ለምርጫ ዘመቻ ገንዘብ የሰጠው ሰው ነገ በዳኛው ፊት የሚቆመው ባለጕዳይ ቢሆን ፍርዱ እንዴት ይታመናል?

ሦስተኛ፣ ሹመትም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፡፡ የተሾመው ዳኛ ሂሳብ ዐዋቂና መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ ከጭብጨባም ይርቃል፡፡ ነገር ግን ከከፋዩም ይርቃል፡፡ በአገራችን የኤሌክትሪክ ዋጋ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይነካ ቈይቷል፡፡ በነዚያ ዓመታት የሌላው ዕቃ ዋጋ ሁሉ ሲንር የመብራቱ ባለበት መቆሙ ከፋዩን ደስ አሰኝቷል፤ ሻጩ መሥሪያ ቤት ግን በዕዳ ተጐበጠ፡፡ ከዚያ በኋላ ጭማሪው በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በየደረጃው ቀጠለ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ የሚያድግ አዲስ ታሪፍ ተጀመረ፡፡ ዝቅ ያለ ዋጋ ሁሉ ፍትሕ አይደለም፤ ከፍ ያለውም ሁሉ በደል አይደለም፡፡ ዋናው ነገር ምክንያቱ መታወቁ ነው፡፡

እዚህ ላይ የሉዊዚያናን አንድ ሌላ ልማድ ማንሣት ይገባል፡፡ በግዛቲቱ ውስጥ የምትገኘው የኒው ኦርሊንስ ከተማ የኤሌክትሪክ ኩባንያዋን ለግዛቲቱ ኮሚሲዮን ሳትተው፣ በራሷ የተመረጠ የከተማ ምክር ቤት አማካይነት ትቈጣጠረዋለች፡፡ ከከሚሴ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው አንድ ሐሳብ ሊመጣበት ይችላል፡፡ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው፤ በመሥሪያ ቤቱና በትምህርት ቤቱም በኦሮምኛ ይሠራል፡፡ ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ እስከ ደዋ ጨፋና ደዌ ሐረዋ ያለው ሕዝብ ወኪሎቹን ወደዚህ ምክር ቤት ይልካል፡፡ ይሁን እንጂ የመብራት ታሪፍ የሚወሰነው ለአገሩ ሁሉ አንድ ሆኖ በአዲስ አበባ ነው፡፡

ይህ አንድነት ጥቅም አለው፡፡ ከግድቡ አጠገብ ያለውና ከግድቡ የራቀው፣ ሀብታሙ ከተማና ድኻው ወረዳ በአንድ ታሪፍ ይዳኛሉ፡፡ እያንዳንዱ ዞን ለብቻው ይወስን ቢባል ሽቦው ረዥም፣ ደንበኛው ጥቂት የሆነበት ቈላ ከሁሉ የበለጠ በከፈለ ነበር፡፡ ስለዚህ የከሚሴ ሰው የሚጠቅመው ታሪፉን ከማዕከል መንጠቅ አይደለም፤ ድምፁ ታሪፉ ከሚመረመርበት ጠረጴዛ መድረሱ ነው እንጂ፡፡

ይህስ እንዴት ይደርሳል? መጀመሪያ ሂሳብን ማንበብ ነው፡፡ በሂሳቡ ላይ የተጻፈው የቈጣሪ ንባብ በግድግዳችን ላይ ካለው ቈጣሪ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ እንመልከት፡፡ የኤሌክትሪክ ዋጋ በእርከን ስለ ሆነ፣ ብዙ የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጥ እንደሚከፍል እንወቅ፡፡ ቀጥሎ፣ ስሕተት ሲገኝ በቡና ቤት ከማጕረምረም ይልቅ ቀኑንና ቍጥሩን ጠቅሶ ለአገልግሎት መስጫው ማእከል በጽሑፍ ማመልከት፤ ከዚያ መልስ ያጣ ደግሞ ለተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ነው፡፡ በመጨረሻም፣ በየምክር ቤቱ የተቀመጡ ወኪሎች የሕዝቡን አቤቱታ ሰብስበው፣ ስንት ቀን መብራት እንደ ጠፋ፣ ስንት ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሳይተካ እንደ ቀረ በቍጥር አስደግፈው ማቅረብ ይገባቸዋል፡፡ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው መዝገብ መያዝንና ደብዳቤ መጻፍን ዕለት ዕለት የሚሠራው ስለ ሆነ፣ በዚህ ረገድ ለጎረቤቱ መምህር ሊሆን ይችላል፡፡

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፡፡ ግድቡን ሕዝቡ ከደመወዙና ከመቀነቱ እየፈታ ባዋጣው ገንዘብ ጭምር ሠርቶታል፡፡ ውሃውን መገደብ የመሐንዲስ ሥራ ነበር፤ ኀይሉን በየቤቱ በትክክለኛ ዋጋ ማድረስ ግን የዳኝነት ሥራ ነው፡፡ ዳኛው ቢመረጥም ቢሾምም፣ ሥራውን በግልጽ ችሎት፣ በተጻፈ ምክንያትና ይግባኝ በሚባልበት መንገድ የሠራ እንደ ሆነ ሻጩም አይከስር፣ ከፋዩም አይበደል፡፡ በስውር የሠራው እንደ ሆነ ግን፣ የሎንግ ምርጫም ሆነ የማንም ሹመት አያድነንም፡፡ በባቲ ገበያ ዋጋው የሚታመነው በአደባባይ ስለሚጠራ ነው፡፡ የመብራቱም ዋጋ እንዲሁ በአደባባይ ይጠራ፡፡