ዳይኖሰሩን ማን አንሱት አለ?

ዛሬ ስለ ትራንስፎርመር ጥገና ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። ተናድጃለሁ፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

በየገናው የአሻንጉሊት ባቡር የምንዘረጋለት አንድ ተቋም አለ፤ እዚሁ ሜሪላንድ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ለፍተሻ ስገባ የተቋሙ ኮሚቴ ሰውዬ አንድ ልጅ ኩርባው ላይ ያቆመውን አረንጓዴ ዳይኖሰር አንስቶ ካርቶን ውስጥ ሲወረውረው ደረስኩ። «እውነተኛውን ባቡር አይመስልም» አለኝ፣ እንደ ባለሙያ ደረቱን ነፍቶ። በል እንግዲህ፣ በተራ በተራ፦

1. ባቡሩ ራሱ መቼ እውነተኛውን መሰለና ነው? ላዮኔል የሚባለው የአሻንጉሊት ባቡር ኩባንያ ሃዲድ ሦስት ብረት አለው። መሀለኛው ኤሌክትሪኩን ያስገባል፣ የጎኖቹ ይመልሳሉ። መሀሉ ላይ እንዲህ ያለ ብረት ተጋድሞበት የጭነት ባቡር የሚሄድበት የአሜሪካ መስመር አሳዩኝ። የተለመደው ትንሹ ክብ ደግሞ ወርዱ 31 ኢንች ነው። ይህ ኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው አንድ ለ48 ስለሆነ በ48 አባዙት፤ 38 ሜትር ገደማ ይመጣል። በዚያ ክብ ውስጥ የሚታጠፍ ትልቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያየ ሰው ካለ ይደውልልኝ። ይህን ሁሉ ዋጥ ያደረገ ዓይን ዳይኖሰሩ ጋ ሲደርስ ቀላ!

2. የሙያው ቁንጮዎችም አድርገውታል። ጆን አለን ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ቤቱ ውስጥ የሠራው የባቡር መንደር እስካሁን ሞዴል ሠሪዎች የሚማሩበት ነው። በፈረንጆቹ 1973 ጥር ላይ ሰውየው ሞተ፣ በቀናት ውስጥ አብዛኛው ሥራው በእሳት ጠፋ፣ በብዛት የቀረልን ፎቶው ነው። እዚያ መንደር ውስጥ ፉርጎ የምትጎትት ኤማ የምትባል ስቴጎሳውረስ ነበረች። ቁጥር 13 ተሰጥቷት እንደ ማንኛውም ሎኮሞቲቭ ተመዝግባ ትሠራ ነበር። የኛ ኮሚቴ ጆን አለንንም ከነዳይኖሰሩ ካርቶን ውስጥ ይከተው ነበር ማለት ነው።

3. እውነተኛ የሚባለው ባቡርስ? ደቡብ አፍሪካ፣ አውተንሃግ ጣቢያ፣ ሁለት እግሩን በባቡር አደጋ ያጣ የሲግናል ሠራተኛ በ1880ዎቹ ጃክ የሚባል ዝንጀሮ አሠልጥኖ የሲግናሉን ዘንግ ያስስበው ነበር። ጃፓን፣ ኪሺ ጣቢያ፣ በ2007 ታማ የምትባል ድመት ባርኔጣ ደፍታ የጣቢያ ሹም ተደርጋለች። እኛ ለገሀር ጣቢያ ፊት ለፊት ዘውድ የደፋ አንበሳ አቁመን የለም እንዴ? ይህን ሁሉ አንድ ልጅ በአሻንጉሊት ቢሠራው ሰውዬው ምን ሊል ነው?

ግን አንድ ነገር ላስተካክል። አሁን ደግሞ በየቪዲዮው «ምናብ ነው፣ የፈለጋችሁትን ደርድሩ» የሚሉ አሉ። ያም ውሸት ነው! ዝም ብሎ የተደረደረ ነገር በሳምንቱ አቧራ ይጠጣል፣ ልጁም ዞር ብሎ አያየውም። ለዕቃው ሥራ ስጡት። ማን ቀጠረው? የት ይቆማል? ባቡሩ ሲመጣ ምን ያደርጋል?

ላዮኔል በ1960 ያወጣውን የቀጭኔ ፉርጎ ተመልከቱ። ቀጭኔዋ ጭንቅላቷን በጣሪያው ቀዳዳ አውጥታ ትሄዳለች፤ ክር ከተንጠለጠለበት ምሰሶ ስትደርስ እጥፍ ትላለች። ሰው ይስቃል። ያ ክር ግን ቀልድ አይደለም። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ፍሬን የሚያጠብቁት ሠራተኞች በሚሄድ ባቡር ላይ ከፉርጎ ጣሪያ ወደ ፉርጎ ጣሪያ ይራመዱ ነበር። ዝቅ ያለ ድልድይ ወይም ዋሻ ከመድረሱ በፊት ገመዶች ይንጠለጠሉ ነበር፤ በጨለማ ፊትህን ገመድ ሲገርፍህ ወዲያው ትተኛለህ፣ አለዚያ አለቀልህ። ቀጭኔዋ የተሰጣት የዚያ ሠራተኛ ቦታ ነው። ከሃዲዱ ጋር የሚያያዝ አንድ ካም አለ፤ ከፉርጎው ሆድ ሥር ያለው ዘንግ ካሙን ሲነካ አንገቷ ይወርዳል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። የሠራው ሰው ባቡር ያውቃል።

ዓሣ የሚዋኝበት ፉርጎውም እንደዚያው ነው። መስኮቱ ውስጥ የሚዞረው ዓሣ የተሳለበት ፊልም ነው። የአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ኮሚሽን ግን ከ1881 ጀምሮ በተለየ ፉርጎ የእውነት ሕያው ዓሣ በየግዛቱ ያጓጉዝ ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ለምን እዚህ አቆምከው?» አልኩት። «ባቡሩ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይወድቃላ፤ እሱ ያነሳዋል» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ኩርባው ላይ የመጋጠሚያው ፒን ላልቶ አንደኛው ሃዲድ የጥፍር ያህል ከፍ ብሏል። ልጁ ብልሽቱን አግኝቶ፣ ቦታውን ለይቶ፣ የአደጋ ጊዜ ክሬን መድቦለታል! ኮሚቴው ክሬኑን አነሳና ብልሽቱን ተወው።

ጥገናው እኮ ሃዲዱን ነቅሎ፣ የቱቦውን አፍ በፒንሳ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ነው። ግን አይቻልም። ሃዲዱ ላይ የጄሶ ተራራ ሠርተውበታል፤ ተራራው እንዲነሳ ቅጽ ይሞላል፣ ቅጹ ለስብሰባ ይቀርባል፣ ስብሰባው ምልአተ ጉባኤ ይፈልጋል። አሻንጉሊት ለመጣል ግን አንድ ሰውዬ ይበቃል፣ ፊርማ አያስፈልገውም። እዚሁ ባልቲሞር የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየገናው በጣቢያቸው የባቡር መንደር ይሠራሉ፤ ሄዳችሁ እዩ፣ መግቢያው ላይ ማንም ቅጽ አያስሞላችሁም። ይኸኛው ተቋም ግን ስለ «ታሪካዊ ትክክለኛነት» ባለ ሦስት ገጽ መመሪያ አለው፤ ስለ ሃዲድ መጋጠሚያ አንድ መስመር የለውም።

በውስጥ መስመር «ለልጄ ምን ልግዛለት?» ለምትሉኝ፦ ቀጭኔዋን ግዙ፤ አንገቷን በእጅ እንዳትገፉት። የቤትና የመንገድ መብራቱን ከሃዲዱ አትቀጥሉ፣ የራሱ ትራንስፎርመር ይኑረው። ከሃዲዱ ከወሰደ ባቡሩ ሲዘገይ ይደበዝዛል፣ ባቡሩ ሲቆም ከተማው በሙሉ ይጨልማል። ለዚህም ምክንያት መፍጠር አያቅትም፤ መብራት ሲጠፋበት አዲስ አበባ ያደገ ወላጅን በተለይ።