የአያት አምባር ሳይፋቅ ሲመረመር

ድሮ የብር ጌጥ ሊሸጥ የሄደ ሰው አንድ ስጋት ነበረበት። ገዢው «እስቲ ልየው» ብሎ ይቀበልና በሞረድ ጫር፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ ያደርገዋል፤ አሲድም ጠብ ያደርግበታል። ዕቃው ቢሸጥም ባይሸጥም ጠባሳው ይቀራል።

አሁን ብዙ ወርቅ ገዢዎችና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች «ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ» የሚባል መሣሪያ አላቸው። ሐኪም ቤት የምናውቀው ራጅ ዘመድ ነው። ጨረሩ ዕቃውን ሲመታው፣ ዕቃውም በፈንታው ጨረር ይመልሳል። ብር የራሱ፣ መዳብ የራሱ፣ እርሳስም የራሱ ጨረር አለው፤ ሰው በድምፁ እንደሚለየው ማለት ነው። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነበር፤ ምስኪን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ።

ለእኛ ነገሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት አንጥረኛ አምባር፣ አልቦ ወይም ድሪ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚያቀልጠው ማርትሬዛ ብር ነበር። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ስለዚህ መሣሪያው 83 በመቶ ገደማ ብር ካሳየ፣ «925 አይደለም፣ ሐሰተኛ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። የማርትሬዛ ልክ እንዲሁ ነው።

ግን መሣሪያውም ይሳሳታል። የሚያየው ላዩን ብቻ ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ። ወፍራም የብር ቅብ ያለበትን መዳብ ብር ነው ሊል ይችላል። በአሲድ የታጠበ አሮጌ ብር ደግሞ የላይኛው መዳብ ስለሚለቅ ከልኩ በላይ ያሳያል። የተበየደበት ቦታ ላይ ከተለካም ከልኩ በታች ይወርዳል፤ ብየዳው ሌላ ብረት አለበትና።

እናም እናቶች፣ አባቶች፣ ስትሄዱ ብየዳ በሌለበት ሦስት ቦታ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ይለኩላችሁ። እያንዳንዱ ልኬት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሚዛኑንም በዓይናችሁ እዩ። የእጅ ሥራውን መሣሪያው አይቆጥርም፤ አቅልጦ የሚሸጥ ገዢ የሚከፍለው ለግራሙ ብቻ ነው። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት «ልታቀልጠው ነው ወይስ እንዳለ ልትሸጠው?» ብላችሁ ጠይቁት።