ትንሽ ወንዝና የታንኳ ጉዞ

ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፣ የቦርከና ወንዝ በበጋ ወራት በድንጋይ መካከል ቀጥኖ ሲሄድ አይቶ እንደ ተራ ነገር ማለፉ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ከታላላቆቹ አፍላጋት ይልቅ እንዲህ ያሉት ትናንሾቹ ወንዞች ሊጠኑና ሊወደዱ ይገባቸዋል እላለሁ፤ በታንኳ ወይም ካያክ በሚባለው ጠባብ ጀልባ በትንሽ ወንዝ የሚወርድ ሰው አገሩን ከአውራ ጎዳና ፈጽሞ በማይታይ ገጽታዋ ያያታልና።

ዋና መቻል፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያን አጥብቆ ማሰር፣ የራስ ቁር መድፋት፣ ብቻን አለመሄድ፣ የሚነሡበትንና የሚወጡበትን ስፍራ ከነሰዓቱ ለቤተ ሰብ መንገር፣ ይህን ሁሉ ማንም ስለሚያውቀው አልዘገይበትም።

የምዘገይበት «ውኃው እኮ ትንሽ ነው» በሚለው ክፉ ስሕተት ላይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በጦሳና በዙሪያው ተራሮች የወረደው ዝናም በአጭር ጊዜ ከየሸለቆው ተሰብስቦ፣ ታች ፀሐይ በሚሞቅ ሰው ላይ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ቀዛፊ ከመነሣቱ በፊት የወንዙን ራስ ሰማይ ይመርምር። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ድልድይ አጠገብ ብላቴኖች ሲታጠቡ አንድ አዛውንት ከዳር ቆመው «ልጆቼ፣ ውጡ! በደሴ በኩል ጠቁሯል!» ሲሏቸው፣ «አባባ፣ እዚህ ጠብ ያለ ነገር የለም» ብለው ቸል አሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ውኃው ደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ አስከተለ፣ ልብሳቸውን ያሰጡበትም ድንጋይ ተዋጠ። እነርሱ ሮጠው ወጡ፤ እንዲህ ያለውን ምልክት አይቶ «እስቲ ትንሽ ልቆይ» የሚል ቀዛፊ ግን ብርቱ ተግሣጽ ይገባዋል።

የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በሰውነት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከጉልበት ያላለፈ ውኃ እንኳ ጎልማሳን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት የእንግሊዝ ጦር የጉዞ ቡድን ዐባይን ሊወርድ በመጣ ጊዜ፣ ከአባሎቹ አንዱ የሞተው ገባር ወንዝ ሲሻገር ነበር፤ ይህን ታሪክ ትንሹን ወንዝ ለሚንቅ ሁሉ እነግራለሁ። በጠባብ ወንዝ ደግሞ የወደቀ ዛፍ ከቋጥኝ የከፋ ነው፤ ውኃውን እንደ ወንፊት አሳልፎ ሰውንና ታንኳውን ያስቀራልና፣ ሩቅ ሳለ ወደ ዳር ወጥቶ ታንኳውን ተሸክሞ ማለፍ ይገባል። ገመድ ከዳር ይወረወራል፣ በእጅ ይያዛል፤ በወገብ መታሰር ግን የለበትም፣ ፈሳሹ የታሰረውን ወደ ታች ይደፍቀዋልና። የተገለበጠም ሰው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ውኃው ወደሚወርድበት አቅጣጫ ይዘርጋ፤ በፈጣን ውኃ መካከል ሊቆም አይሞክር፣ እግር በድንጋይ መካከል ይቀረቀራል።

ስለ ጊዜው፣ ዘመነ ክረምት ፈጽሞ የታንኳ ወቅት አይደለም። ዘመነ ጽጌ፣ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው፣ ዝናሙ ጋብ ብሎ ወንዙ ገና ውኃ ያለው ስለ ሆነ የተሻለ ነው፤ ሆኖም በዚያም ወራት ቢሆን ወንዙን አስቀድሞ በእግር በዳር ተከትሎ ማየት ግዴታ ነው። መቅዘፊያ ይዞ የማያውቅ ሰው ግን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሐይቅ ይሂድ፤ በእስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ፈሳሽ በማይጎትተው ውኃ ላይ ታንኳውን ሆን ብሎ እየገለበጠ መውጣትን ይማር፣ ይህንም ከዳር የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር አይሞክር።