በሙቀት ወር ጥንቸል ምን ትብላ?

ጥንቸል አረባለሁ ስል የአሶሳ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ማን ይበላታል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ኦርቶዶክሱ በኦሪት ሕግ የተከለከለች ናት ብሎ አይነካትም፤ የእስልምና ሊቃውንት አብዛኞቹ ቢፈቅዷትም በሙስሊሙ ጎረቤቴ ማዕድ ላይም አላየኋትም። የገበያውን ነገር ለሌላ ጊዜ ላቆየውና ወደሚከነክነኝ ልግባ፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ግልገሎቹ ለምን አላድግ ይላሉ?

ጥንቸል ላብ አያልባትም ማለት ይቻላል። ሙቀቷን የምታወጣው በጆሮዋና በትንፋሿ ነው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማታል፤ 30 ካለፈ ትጨነቃለች። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም በእነዚያ ወራት ከሰዓት በኋላ ከ30 በላይ ትሞቃለች፤ ወደ ኩርሙክ ሲወርዱማ ይብሳል። ምግብ ሲፈጭ ደግሞ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ እንስሳዋ ላለመሞቅ ስትል የምትበላውን ትቀንሳለች። ጡት ከጣለች ገና ወር ገደማ የሆናት ግልገል በዚህ ጊዜ ካልበላች ምን ይዛ ታድጋለች?

ተጨማሪ መኖ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የምትበላው ካነሰ፣ በትንሹ ውስጥ ብዙ ይኑርበት። በማደግ ላይ ላለች ጥንቸል ከመኖው ከ16 እስከ 18 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ቢሆን ጥሩ ነው፤ የደረቀ ሣር ብቻውን እዚያ አያደርስም። እኔ ፍሩሽካ ላይ የኑግ ፋጉሎ እቀላቅላለሁ። በሰፈር መጭመቂያ የወጣ ፋጉሎ ዘይት ይተርፈዋል፤ ዘይት ደግሞ ጉልበት ሰጥቶ፣ ሲፈጭ የሚያወጣው ሙቀት ከሣር ያነሰ ነው። ሣሩን ግን አልቀንስም፤ ያለ እሱ አንጀቷ ይታወካል፣ ተቅማጥ ይገላታል። አኩሪ አተር ለሚያመርት የፓዌና የአሶሳ ገበሬ እሱም አለ፤ ጥሬውን ግን ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለበት ቆልቶ ይስጥ። የምፈራው የለውዝ ፋጉሎ ነው። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፤ ጥንቸል ደግሞ ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ናት። ለጋ የማሽላ ቅጠልም ሳያናይድ ስላለው አይሰጥም።

ስለ ቫይታሚንም እጠየቃለሁ። ጥንቸል እንደ እኛ አይደለችም፤ ቫይታሚን ሲን ራሷ ትሠራለች። በሙቀት ጭንቀት ጊዜ ግን የሠራችው ላይበቃት ይችላል። ጥንቸል በብዛት በምትረባባት ግብፅ፣ የዛጋዚግ ዩኒቨርሲቲው ማራይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ሙቀት በጥንቸል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከቱ ጥናቶችን ሰብስበው አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህም ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ሴሊኒየምና ዚንክ ተደጋግመው ተሞክረዋል። ቫይታሚን ሲ በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል፤ ጠዋት ውሃ ውስጥ የተበጠበጠው በቀኑ ሙቀት ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የምትገዙት ከሆነ ማታ ማታ በጥቂት ውሃ በጥብጡት።

መኖውንም ማታ ስጡ። ጥንቸል በተፈጥሮዋ የምትበላው ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የተሰጠ ፋጉሎ ትርፉ ዝንብ መጥራት ነው። ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ አይለያት። ከበላችው ደረቅ መኖ እጥፍ ትጠጣለች፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ፤ ውሃ ካጣች መኖውንም ትተዋለች።

ቤቷስ? ሽመሉ ደጃችን ነው፣ ሣሩም እንዲሁ። በማንጎ ጥላ ሥር የቆመ የሽመል ቤት፣ ቆርቆሮ ለብሶ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ቤት በብዙ ይሻላል። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ጥላና ውሃ፣ ቀጥሎ ፋጉሎ፣ ቫይታሚኑ ከተረፈ ብቻ።