ከሶዳ ሐይቅ እስከ ቆዳ ፋብሪካ

ኮልፌ ላይ የትንሹን አቃቂ ወንዝ ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው ወንዙን ከማየቱ በፊት ያሸተዋል። የምዕራብ አዲስ አበባ ፍሳሽ ብዙው የሚወርደው ወደዚህ ወንዝ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የበሰበሰ እንቁላል በሚመስል ሽታው ይለያል። ብዙ ሰው የቆዳው መበስበስ ብቻ ይመስለዋል፤ ዋናው ምንጭ ግን ጸጉሩን ለማራገፍ የሚጨመረው ኬሚካል ነው።

ለፋሲካና ለአረፋ ከየቤቱ የሚሰበሰበው ጥሬ ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ፋብሪካ ይገባል። ከታጠበ በኋላ በትልልቅ ተሽከርካሪ በርሜሎች ውስጥ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይዘፈዘፋል። ሰልፋይዱ ጸጉሩን ያሟሟዋል፤ የሟሟው ጸጉርና የተረፈው ሰልፋይድ አብረው ይፈስሳሉ። ፍሳሹ አሲድ ካገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። አፍንጫችን ይህን ጋዝ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ይለየዋል። ሲበዛ ግን ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፤ ሠራተኛው ሽታው የጠፋ በመሰለው ሰዓት አደጋው ይከፋል።

መድኃኒቱ ኢንዛይም ነው፤ ለቆዳ ሥራም እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ቆዳ የሚያለሰልሱት በውሻና በርግብ ኩስ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም እ.ኤ.አ. በ1907 ገደማ ያንን ከእንስሳት ቆሽት በተገኘ ኢንዛይም ተካው። ጸጉር ማራገፉ ግን ለሰልፋይድ እንደተተወ ቀረ።

በአገራችን ኢንዛይም ፍለጋውን ለረጅም ዘመን ከያዙት መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠ ይገኙበታል። የፈለጉት በስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ነው። እንደ አብያታ፣ ሻላና ጪቱ ያሉ ሐይቆች ውኃቸው ፒኤች 10 አካባቢ ይደርሳል፤ እንደ ኖራና እንደ ሳሙና ውኃ አልካላይን ነው ማለት ነው። እዚያ መኖር የቻለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ኢንዛይምም በኖራ ዝፍዝፍና በሳሙና ውኃ ውስጥ ሥራውን አይተውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ባክቴሪያውን ምን እንዳበሉት ነው። በኢንዛይም ዋጋ ላይ የባክቴሪያው ቀለብ ትልቅ ድርሻ አለውና። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ባክቴሪያውን በኑግ ፋጉሎ አሳድገው ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አመረቱ። በ1999 ከጋሻው ማሞ ጋር፣ ዛይላኔዝ የሚባለውን ሌላ ኢንዛይም በስንዴ ፉርሽካ ላይ በብዛት አገኙ። በ2003 ደግሞ ከስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በዶሮ ላባ የሚያድጉ ባክቴሪያዎችን አሳወቁ። ላባም ሆነ የከብት ጸጉር በዋናነት ኬራቲን ከሚባለው ጠንካራ የፕሮቲን ወገን የተሠሩ ናቸው፤ እሱን ፈጭቶ የሚኖር ፍጥረት መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ለቆዳ የሚመረጠው ኢንዛይም ግን ጸጉሩን ማሟሟት አይጠበቅበትም። የጸጉሩን ሥር ከቆዳው ጋር ያያያዘውን ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ጸጉሩም ሳይሟሟ ይነቀልና በወንፊት ይለያል። ያኔ ፍሳሹ ላይ የሚወርደው ሸክም በእጅጉ ይቀንሳል። ችግሩ ጥንቃቄው ነው። ኢንዛይሙ ኮላጅንን፣ ማለትም ቆዳውን ቆዳ ያደረገውን ፕሮቲን፣ ከነካ የቆዳው ገጽ ይበላሻል። ሰዓትና ሙቀት በቅርብ መጠበቅ አለበት፤ ደቃቁ ጸጉርም አንዳንዴ ይቀራል። ስለዚህ ኢንዛይምን ከጥቂት ሰልፋይድ ጋር አዳብሎ መጠቀም ለጀማሪ የሚሻል መንገድ ይመስለኛል።

ባክቴሪያው ከሐይቆቻችን፣ ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያዎቻችን፣ ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካዎቻችን ይገኛል። የቆዳ ፋብሪካ ባለቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ኢንዛይሙን በበርሜል መጠን የሚያመርት የሙከራ ጣቢያ በጋራ ያቋቁሙ። በአንድ የበግ ቆዳ ዙር ይጀምሩና ሰልፋይዱን በግማሽ ቀንሰው ውጤቱን ለኮልፌ ነዋሪ ያሳዩ።